ሳብ 17ን ሱሉልታ ላይ እየሠራነው ነው፣ ፎቶና ልክ ያላችሁ አግዙን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ከረማችሁ። የምጽፍላችሁ ከእንጦጦ ጀርባ ከሱሉልታ ነው። ደብዳቤዬ ስለ ኳስም ስለ ኑሮ ውድነትም አይደለም፣ በሪሞት ስለሚበር የጦር አውሮፕላን ሞዴል ነው፣ ረዘም ቢልባችሁም ሳትቆርጡ ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል ምክንያቱም የምፈልገው ነገር ያለው አንባቢዎቻችሁ ቤት ነው፣ በተለይ ቢሾፍቱ ባሉት ቤት፣ የድሮ አልበም ውስጥ፣ ቁም ሳጥን ላይ በተሰቀለ ሻንጣ ውስጥ።

እኔና የሰፈሬ ልጆች ሳብ 17 የሚባለውን አውሮፕላን በአንድ አሥረኛ መጠን እየሠራን ነው። ብዙ ሰው ስሙን ስንነግረው አያውቀውም፣ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ሲባል ወዲያው የሚመጣለት ኤፍ 5 ወይ ሚግ ነው፣ እሱም ያለ ምክንያት አይደለም፣ በ1969 እና በ70ው የሶማሊያ ጦርነት ኤፍ 5 የሠራውን ሥራ እየሰማን ነው ያደግነው። ግን ከጄቶቹ በፊት፣ ከጣልያን ወረራ በኋላ አየር ኃይላችን እንደገና ሲቋቋም ክንዱ የነበረው ይሄ ባለ አንድ ሞተር የስዊድን ቦምብ ጣይ ነው፣ እና ስለሱ የሚያወራ ሰው ማግኘት በጣም ከብዶናል።

ባጭሩ ልንገራችሁ። ሳብ 17 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1940 ስዊድን ውስጥ ነው፣ በጠቅላላው ከ320 በላይ ተሠርቷል፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስዊድኖቹ እሱን እየተዉ ሌላ ሲይዙ እኛ ደሞ ከዜሮ ስንነሳ ነበርና እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ወደኛ መጣ። ያኔ አየር ኃይሉን ይመራ የነበረው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ነው። ይሄ ሰው ጣልያን በወረረን ጊዜ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን እያበረረ ቁስለኛ ያመላለሰ ሰው ነው፣ ከድሉ በኋላ ተመልሶ መጥቶ አብራሪና ቴክኒሻን አሠለጠነ፣ በስተርጅናውም በ1969 ዓ.ም. እዚሁ አገራችን ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጥቃት ሕይወቱ አለፈ። እኛ ጋ የመጣው ቢ17ኤ የሚባለው ዓይነት ነው፣ 1065 የፈረስ ጉልበት ያለው ክብ ሞተር፣ ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 13.7 ሜትር፣ ርዝመቱ 9.8 ሜትር ገደማ። ስለዚ የኛው 137 ሳንቲ ክንፍ፣ 98 ሳንቲ ርዝመት ይሆናል ማለት ነው፣ ሒሳቡ ራሱ ደስ ይላል፣ በ10 ማካፈል ብቻ ነው፣ ገና ስድስተኛ ክፍል ያለ ልጅ ሜትር ይዞ ማስላት ይችላል።

ለምን ስፒትፋየር ወይ ሙስታንግ አትገዙም የሚሉን አሉ። እነሱ ተሠርተው ካርቶን ውስጥ ገብተው የሚመጡ ናቸው፣ ክንፉን ሰክተህ ባትሪ ሞልተህ ታበራለህ፣ አሪፍ ነው አልቃወምም፣ አንድ ውጭ የሚኖር ዘመድ ሻንጣው ውስጥ ይዞ የመጣው ስፒትፋየር ላይ ነው ማብረር የለመድነው። ግን ስፒትፋየር የእንግሊዝ ታሪክ ነው፣ ሱቅ ገብተህ የኢትዮጵያን ቀለም የተቀባ ሳብ 17 ስጠኝ ብትል የሚሰጥህ የለም፣ ከፈለግከው ራስህ ትሠራዋለህ። እኔ እንደውም ይሄ ጥሩ ሆነ ባይ ነኝ ምክንያቱም በገዛ እጁ ያልሠራውን ነገር ሰው አይጠግነውም፣ ሲሰበር ይጥለዋል። ደሞ እንግዳ ነገር አይደለም እኮ፣ በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የተባለችውን አውሮፕላን ሠርቷል፣ ጣልያን ወስዷት ኖሮ ጥር 2016 ላይ ወደ አገሯ ስትመለስ ሁላችንም በቲቪ አይተናል።

አሠራሩን የሚፈልግ ልጅ ካለ እንዲጠቅመው ትንሽ ልዘርዝር። ገላው ፎም ቦርድ ነው፣ የማስታወቂያ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ባለ 5 ሚሊ ሰሌዳ፣ ክንፉ ደሞ ቲቪና ፍሪጅ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚገኘው ነጭ ፎም ነው። ነጩን ፎም በከተር ከቆረጥከው ይፈረካከሳል፣ ስለዚ በጋለ ሽቦ ነው የሚቆረጠው፣ ሽቦው ከተበላሸ ስቶቭ የወጣ ሬዚስታንስ ነው፣ ጥቅልሉን ቀጥ አድርገህ ግማሽ ሜትር ያህል በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥረህ ከመኪና ባትሪ 12 ቮልት ትሰጠዋለህ፣ ዳርና ዳር ላይ ከፕላይውድ የተቆረጠ የክንፍ ቅርጽ ታስርና ሁለት ሰው እኩል እየጎተተ ያወጣዋል። መስኮት ክፈቱ፣ ጭሱ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ሱፐር ግሉ ነጩን ፎም ይበላዋል ያቀልጠዋል፣ ለሱ የአናጺ ኮላ ነው የሚሆነው፣ ሞተሩ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ብቻ ኤፖክሲ። የክንፉ አጥንት ቀርከሃ ነው፣ ስንጥቁን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ክንፉ ውስጥ መቅበር፣ ካርቦን ያላገኘ ሰው በቀርከሃ አይፈር፣ ቀላል ነው ጠንካራ ነው በዛ ላይ ሲሰበር እንኳን ተሰንጥቆ ይቀራል እንጂ እንደ ካርቦኑ ድንገት ለሁለት ብን አይልም። ላዩን ቡናማ ወረቀት በውሃ በቀጠነ ኮላ እየነከሩ ማልበስ፣ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ቀለሙን ግን ስስ! ልጆቹ ማሳመር ይወዳሉ ሦስት አራት ጊዜ መደራረብ ይፈልጋሉ፣ ቀለም ግራም ነው፣ ግራም ደሞ እዚህ አገር ውድ ነው።

ውድ ነው ያልኩት ስለ አየሩ ነው፣ ይሄን ነገር በደንብ ልናገርበት እፈልጋለሁ ምክንያቱም ውጭ አገር የሚሠሩ ቪዲዮዎች አይነግሩህም። ሱሉልታ ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው፣ ቀትር ላይ ሲሞቅ ደሞ ይብስበታል። ሯጮቻችን ሱሉልታን ለልምምድ የሚመርጡት ለዚሁ ስስ አየር ነው፣ ሳንባና ደማቸው በትንሽ ኦክስጅን መሥራት ይለምዳል፣ አውሮፕላን ግን ሳንባ የለውም፣ ክንፉ የሚደገፈው በአየሩ ነው፣ ፕሮፔለሩም የሚገፋው አየሩን ነው፣ አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም ይደክማሉ። ቦሌ እኮ 2334 ሜትር ላይ ስለሆነ ነው ትልቁ መንደርደሪያው 3800 ሜትር የሆነው፣ ቦይንጉም የኛም ሞዴል አንድ ዓይነት ፊዚክስ ነው የሚገዛቸው። የኛ ሳብ 17 ባትሪውን ጨምሮ 1600 ግራም እንዲሆን ነው ያሰብነው፣ የክንፉ ስፋት 28 ዴሲሜትር ካሬ ተኩል ያህል ነው፣ በዚህ ክብደት ባሕር ወለል ላይ ቢሆን በሰዓት 32 እና 33 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ነው ክንፉ መሸከም የሚያቆመው፣ እዚህ ግን 37 ላይ ያቆማል። ትንሽ ልዩነት ትመስላለች፣ ለማረፍ ስትመጣ ግን ያቺ አራትና አምስት ኪሎ ሜትር ናት አውሮፕላኑን የምትሰብረው፣ ከቪዲዮ የተማረ ልጅ በቪዲዮው ፍጥነት ሊያሳርፍ ይሞክርና አንዱ ክንፍ ጠለቅ ይልና መሬት ይወጋል።

ስለዚ ፕላኑ ላይ የተጻፈውን እንዳለ መውሰድ አይቻልም፣ መቀየር አለበት። አንደኛ ፕሮፔለሩ፣ 10 ኢንች የሚለውን 11 እናደርገዋለን፣ ስስ አየር ውስጥ ብዙ አየር እንዲያፍስ፣ ይሄን ስታደርግ ግን ሞተሩ የሚስበው አምፔር ስለሚጨምር መለካት ግዴታ ነው፣ የሞተር መቆጣጠሪያዋ 40 አምፔር የምትችል ከሆነች 30ዎቹ መጀመሪያ ላይ አቁም፣ መለኪያ ከሌለህ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጋዝ ሰጥተህ አጥፍተህ ሞተሩን በጣትህ ንካው፣ ጣትህን ማቆየት ካልቻልክ ፕሮፔለሩን ቀንስ። ሌላው የክንፉ ጫፍ ነው፣ ወደ ጫፉ ስትሄድ ክንፉን ሁለት ዲግሪ ያህል ወደ ታች ማዞር፣ ማለቴ የፊት ጠርዙ ዝቅ እንዲል፣ ያኔ ፍጥነት ሲያንሰው መሀሉ ቀድሞ ይደክማል እንጂ ጫፉ አይደክምም፣ አፍንጫውን ደፋ ያደርጋል፣ ለማዳን ጊዜ ይሰጥሃል። አግድሙን ጭራም አሥር በመቶ ያህል አሳድገነዋል። እዚህ ላይ ከልጆቹ ጋር ተከራክረናል፣ ትክክለኛው ልክ ካልሆነ ሳብ 17 አይደለም የሚል አለ፣ እኔ ደሞ መሬት ላይ የተከሰከሰ ትክክለኛ ልክ ከሚኖረን ሰማይ ላይ ያለ አሥር በመቶ ስህተት ይሻለናል ባይ ነኝ፣ አሁንም አቋሜ ነው።

እግሩ የራሱ ታሪክ አለው። የእውነተኛው ሳብ 17 እግር ወደ ኋላ ታጥፎ ክንፉ ሥር ባለ ትልቅ ሽፋን ውስጥ ነው የሚገባው፣ ያ ሽፋን ደሞ አውሮፕላኑ ቁልቁል ሲወርድ እንደ ፍሬን ያገለግላል፣ በጣም ብልህ አሠራር ነው፣ ሌላ አውሮፕላን ላይ የተለየ የፍሬን ሰሌዳ ይገጠማል ስዊድኖቹ ግን በአንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ሠሩበት። አውሮፕላኑን ከሩቅ የሚያሳውቀውም እሱ ነው፣ ሽፋኑ ከሌለ ሳብ 17 አይመስልም። ችግሩ የሱሉልታ ሜዳ ሣር ነው፣ ከብት የሚግጠው፣ ክረምት ውሃ ተኝቶበት በበጋ የሚሰነጣጠቅ መሬት ነው፣ ቀጭን እግር ወዲያው ይነቅላል፣ እግሩ ሲነቀል ደሞ ብቻውን አይሄድም፣ ክንፉን ይዞ ነው የሚሄደው። ያደረግነው ምንድን ነው፣ ሽፋኑን ከለስላሳ ፎም ሠርተን በማግኔት ለጠፍነው፣ እግሩን ደሞ በብረት ቡሎን ሳይሆን በፕላስቲክ ቡሎን አሰርነው። ሲመታ ቡሎኑ ይቆረጣል፣ ሽፋኑ ይበተናል፣ ክንፉ ይተርፋል። ቡሎኑ ሳንቲም ነው ክንፉ የሳምንታት ሥራ ነው። ክንፉም ራሱ ገላው ላይ የታሰረው በፕላስቲክ ቡሎን ነው፣ በዚሁ ምክንያት።

አሁን ወደ ጥገና ልምጣ፣ ይሄ ነው ዋናው። ይሄን ሥራ የያዘ ሰው ካበረረበት ጊዜ የጠገነበት ጊዜ ይበልጣል፣ እና ልጆቹ ብዙ የተማሩት ከማብረር አይደለም ከመጠገን ነው። አውሮፕላኑ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚደረገው ጋዙን መዝጋት ነው፣ ቀጥሎ ባትሪውን መንቀል፣ ከዛ ስብርባሪ መልቀም፣ አንዲት ቁራጭ እንኳ ሣር ውስጥ መተው የለባትም። ፎም ሲሰበር ስብራቱ ራሱ ልክ ነው፣ ሳትፍቀው ሳትቆርጠው መልሰህ ብትገጥመው ጥርስ በጥርስ ይገባል፣ ብዙ ሰው የሚያበላሸው ለማስተካከል ብሎ ጠርዙን ሲቆርጥ ነው። ኮላ ቀብቶ ገጥሞ በስኮች አስሮ ማሳደር፣ ጠዋት ስብራቱን አቋርጦ የሚያልፍ የቀርከሃ ስንጥር መቅበር፣ በቃ ከድሮው ይጠነክራል። ከውጭ የሚመጡት ፎም አውሮፕላኖች ላይ ደሞ አፍንጫው ተጨፍልቆ ቢገባ አትዘኑ፣ የፈላ ውሃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱበት፣ ፎሙ ውስጥ ያለው አየር ሞቆ ሲነፋ የተጨፈለቀው ተመልሶ ያብጣል፣ ዓይናችሁ እያየ ነው የሚመለሰው፣ መጀመሪያ ያሳየሁት ልጅ እናቱን ጠርቶ አምጥቶ ነው ያሳያት። ነጩ የቲቪ ፎም ግን ይሄን ያህል አይመለስም፣ እሱን ቆርጦ በአዲስ መተካት ነው።

ከጠገናችሁ በኋላ ልክ ሳትለኩ አታብርሩ። ክር ውሰዱ፣ ከቀኝ ክንፍ ጫፍ እስከ ጭራው ጫፍ ለኩ፣ ከግራም እንዲሁ፣ እኩል መሆን አለበት፣ አምስት ሚሊ ከተለያየ አውሮፕላኑ ሰማይ ላይ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። አናጺ በር ሲገጥም ከማዕዘን ማዕዘን እንደሚለካው ነው፣ ሰፈራችን ያለው አናጺ ነው ያሳየን። ከዛ ሚዛኑን፣ ክንፉን ከሥር በሁለት ጣት አንሱት፣ ከፊት ጠርዙ የስፋቱ ከ25 እስከ 30 በመቶ ላይ ነው መቆም ያለበት። ጥገና ደሞ ሁልጊዜ ክብደት ይጨምራል፣ ጭራ አካባቢ ከጠገናችሁ ወደ ኋላ ይከብዳል፣ ወደ ኋላ የከበደ አውሮፕላን አይታዘዝም፣ ትንሽ ስትነካው ቀጥ ብሎ ይወጣና ይገለበጣል። መፍትሔው ባትሪውን ወደ አፍንጫ መግፋት ነው፣ ካልበቃ ጎሚስታ ጋ ሄዶ የጎማ ባላንስ እርሳስ መለመን ነው፣ በአምስትና በአሥር ግራም ተቆራርጦ ነው ያለው፣ ወልቆ የተጣለውን በነፃ ይሰጧችኋል።

ኤሌክትሮኒክሱ ላይ ብዙ አልቆይም ግን አንድ ሁለት ነገር አለ። ሰርቮ፣ ማለትም የክንፍና የጭራ መሪዎቹን የምታንቀሳቅሰው ትንሽ መሣሪያ፣ ስትበላሽ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ አይደለም፣ ውስጥ ያለችው የፕላስቲክ ጥርስ ናት፣ ስለዚ ከሁለት ከተበላሹ ሰርቮዎች አንድ ጤነኛ ይወጣል፣ ትንሿን ካቻቪቴ ይዞ መክፈት ነው፣ የጥርሶቹን ቅደም ተከተል በስልክ ፎቶ አንስቶ። ሰርቮውን ከክንፍ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ከተሰበረ መተኪያው ከጃንጥላ ሽቦ ይወጣል። የተሰነጠቀ ፕሮፔለር ግን አይጠገንም፣ በሱፐር ግሉ አጣብቀው የሚያበሩ አይቻለሁ፣ ይሄ ነገር በደቂቃ ከ8000 ጊዜ በላይ ሲዞር ቁራጩ ተስፈንጥሮ ዓይን ያጠፋል፣ እሱን ሰብራችሁ ጣሉት። ባትሪው ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ነው፣ ሦስት ሴል፣ ሲሞላ 12.6 ቮልት፣ አንዷ ሴል ከ3.3 በታች ሳትወርድ ማረፍ፣ ሳይበር የሚቀመጥ ከሆነ እያንዳንዷን 3.8 አካባቢ አድርጎ ማስቀመጥ። ያበጠ ባትሪ አይሞላም አይወጋም። ቻርጅ ሲደረግ ሰው አጠገቡ ይኑር፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚያደርገውን ታውቃላችሁ፣ እኛ ከመኪና ባትሪ ነው የምንሞላው።

ደህንነት ላይ ደሞ ቀልድ የለም። ሜዳው ላይ እረኞች አሉ ከብት አለ ሁልጊዜም የሚሰበሰብ ሕፃን አለ፣ ስለዚ ከማንሳታችን በፊት አንድ ሰው ሥራው ሕፃናቱን ከኋላችን ማቆየት ብቻ ነው። ቀደም ብለን ደሞ ሪሞቱን በትንሽ ፓወር አድርገን በእግር እየራቅን ሲግናል እንፈትሻለን፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ሲግናል ተቀባይ (ሪሲቨር) ሁለት አንቴናዎች አንዱ ወደ ጎን አንዱ ወደ ላይ መሆን አለባቸው፣ ሲግናል ቢጠፋ ደሞ ሞተሩ ራሱ እንዲጠፋ ተደርጎ ነው የሚስተካከለው። የመብራት መስመር አጠገብ የለም፣ አስፋልት አጠገብ የለም። ካሜራ የለውም፣ ከዓይናችን አይርቅም። ድሮን ያለ ፈቃድ እንደማይበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ የኛ ድሮን ባይሆንም የሚበር ነገር ያየ ሰው መደንገጡ አይቀርም፣ አገሩ ያለፈበትን እናውቃለን፣ መደንገጡ ትክክል ነው። ስለዚ የሚመለከታቸውን ሳናስፈቅድ ሜዳ አንወጣም፣ የአካባቢውንም ሰው ቀድመን እንነግራለን። በዚህ አጋጣሚ ለሚመለከተው ሁሉ የማቀርበው ጥያቄ ለሞዴል የሚሆን አንድ የታወቀ ሜዳ ከከተማው ዳር ይሰጠን ነው፣ ሰዓቱም ደንቡም ተጽፎ፣ ጥሰን ብንገኝ የምንጠየቅበት። ሜዳው በየዓመቱ በግንባታ እየተሸፈነ ነው፣ ቆይተን ብንጠይቅ የሚሰጥም አይኖርም።

እንግዲህ ደብዳቤውን ወዳስጻፈኝ ነገር ልግባ። ሞዴሉ ገላው ቆሞ ክንፉ ተለብሶ ሳለ አንድ ጡረታ የወጡ የአየር ኃይል ቴክኒሻን እንዳሉ ሰማን፣ ልጃቸው ጋ ሱሉልታ መጥተው ነው፣ ቆርቆሮ ሠራተኛ ነበሩ፣ በወጣትነታቸው ሳብ 17ን በእጃቸው የነኩ ሰው ናቸው። ጋሼ ይምጡና ይዩልን ብለን ለምነን አመጣናቸው። ወንበር ሰጠናቸው ግን አልተቀመጡም፣ ሞዴሉን ዞረው ዞረው አዩት፣ መነጽራቸውን አውልቀው አጎንብሰው ከጭራው በኩል አዩት፣ ከዛ የአብራሪው መስታወት ከኋላ በኩል ከፍ ማለት እንዳለበት፣ የሞተሩ ሽፋን ላይ ያሉት የአየር መውጫ ክፍተቶች ጠበብ ማለት እንዳለባቸው፣ የጭራው ጎማ አቀማመጥም እንደተዛባ አንድ ባንድ ነገሩን። እኛ የሠራነው ኢንተርኔት ላይ ካገኘነው የስዊድን ሥዕል ነው፣ እሳቸው ግን የሚያወሩት እዚህ ቢሾፍቱ ላይ አቧራና ፀሐይ ውስጥ ሲሠራ ስለነበረው አውሮፕላን ነው፣ ምኑ ይላላ እንደነበር፣ የትኛው ሽፋን ቶሎ ቶሎ ይከፈት እንደነበር፣ ቀለሙ የት የት ቦታ ቀድሞ ይለቅ እንደነበር። እጃቸውን አየር ላይ እያንቀሳቀሱ የእግሩን ሽፋን አሠራር ሲያሳዩን ልጆቹ ትንፋሽ አልነበራቸውም። አንደኛው ልጅ ደብተር አውጥቶ መጻፍ ጀመረ፣ እሳቸውም ቀስ ብለው እንዲጽፍ እየጠበቁት ተናገሩ።

ያን ቀን ነው የገባኝ፣ ይሄ ዕውቀት ያለው ሰው ራስ ውስጥ ነው። እነዚያ ቴክኒሻኖች ዛሬ ትንሹ ዕድሜው ሰማንያ አካባቢ ነው። አውሮፕላኑን ስዊድኖቹ አልረሱትም፣ ሊንሾፒንግ የሚባል ከተማ ያለው የአየር ኃይላቸው ሙዚየም ውስጥ አለ፣ አንዱን ቢ17ኤ ጠግነው ዳግም አብርረውታል። ግን የነሱ የነሱን ቀለም ነው የሚለብሰው። የኛን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ክብ ለብሶ የበረረውን የሚያሳየን የኛው ሰው ፎቶ ነው፣ እና ያ ፎቶ ሙዚየም ውስጥ ብቻ አይደለም፣ የአያቶቻችን አልበም ውስጥ ነው፣ ወጣት ሆነው ክንፉ ላይ ተደግፈው የተነሱት፣ ለእጮኛቸው የላኩት ፎቶ ነው።

ስለዚ ልመናዬ ይሄ ነው። አባታችሁ ወይ አያታችሁ አየር ኃይል ከነበሩ፣ በተለይ ከ1940ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ዓ.ም.፣ አልበሙን አውጡና እዩ። ባለ አንድ ሞተር፣ ከክንፉ ሥር ትልቅ ድብልብል የእግር ሽፋን ያለው አውሮፕላን ካያችሁ እሱ ነው። ከሁሉም በላይ የምንፈልገው ጎኑንና ሆዱን የሚያሳይ፣ እግሩ በግማሽ ታጥፎ የሚታይበት፣ የሞተሩ ሽፋን ተከፍቶ ሲጠገን የተነሳ ፎቶ ነው፣ ሰዎቹ ብቻ ቢታዩና አውሮፕላኑ ከኋላ በከፊል ቢታይም ይጠቅመናል ምክንያቱም የሰው ቁመት ስለሚታወቅ ከሱ ልክ ማውጣት ይቻላል። ፎቶዎቹ ጥቁርና ነጭ ስለሆኑ ቀለም አይናገሩም፣ ቀለሙን መናገር የሚችሉት የቀቡት ሰዎች ናቸው፣ ስለዚ አባታችሁ በሕይወት ካሉ ፎቶውን ይዛችሁ አጠገባቸው ቁጭ በሉና ጠይቋቸው፣ ሆዱ ምን ቀለም ነበር፣ ላዩስ፣ ቁጥሩ በነጭ ነው በጥቁር የተጻፈው፣ የሚመልሱትን በስልክ ቅዱት። የሥልጠና ደብተር፣ በእጅ የተሣለ ሥዕል፣ የመሣሪያ ዝርዝር ቢሆንም እንፈልገዋለን።

ዋናውን ፎቶ ለማንም አትስጡ፣ ለኛም አትስጡ፣ ከቤታችሁ አይውጣ። መስኮት አጠገብ አድርጋችሁ በስልክ አንስታችሁ፣ ከጀርባው የተጻፈ ነገር ካለ እሱንም አንስታችሁ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ላኩ፣ አዘጋጁ ፈቃዳቸው ከሆነ እኔ እየመጣሁ እወስዳለሁ። የመጣውን ሁሉ ከነባለቤቱ ስም መዝግበን አንድ ቅጂ ለላከው ቤተሰብ፣ አንድ ቅጂ ለጋዜጣው እናስቀምጣለን። ቀለሙን እስክናውቅ ሞዴሉ ቡናማ ወረቀቱን እንደለበሰ ይቆያል። ስናበር ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው ነፋስ ሳይነሳ፣ ፎቶ የላከ ሰው ወይ የበረረበት የጠገነው አባት መምጣት ከፈለጉ እኛ መኪና ለምነንም ቢሆን ከቢሾፍቱ ድረስ ሄደን እናመጣቸዋለን።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከሱሉልታ